ጆሮ ያለው ውሻ ነውር የሆነበት ቤት

እኛ አገር ጆሮው ሙሉ የሆነ ውሻ ማሳደግ ነውር ነው። እንግዳ ቤት መጥቶ ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ካየ፣ ውሻውን ትቶ ባለቤቱን ነው የሚያየው፤ እዚህ ቤት ወንድ የለም እንዴ በሚል ዓይን። ምክንያቱን ለጠየቀ መልሱ ሞልቷል። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ክፉ ይሆናል ይላሉ። ጅብ ሲገጥመው ጆሮውን ይዞ አይጎትተውም ይላሉ፤ ጅብ የሚመጣው ጆሮ ፈልጎ ይመስል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ጆሮው ሲነሣለት አጥርቶ ይሰማል የሚሉት ነው። እንዲህ ከሆነማ ዓይኑንም ቢያወጡለት አሻግሮ ባየ ነበር!

እኔ ዳንግላ ከተማ የከብት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። የተማርሁትም የእንስሳት ጤና ነው። ገበሬው ጆሮው የመገለ ውሻ በገመድ እየጎተተ ሲመጣልኝ፣ እጄ ቁስሉን ያጥባል፣ አፌ ባለቤቱን ይሰድባል። ሰውዬው ይስቃል፣ መድኃኒቱን ይገዛል፣ በዓመቱ ሌላ ቡችላ ቆርጦ ይመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አባቴ ከጥሊሊ ወጣ ባለው መንደራችን ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ የእሳቸውንም ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ሰው ከአሥር እርምጃ በላይ ከራቀ አይለዩም። እንጅባራ ታላቅ ወንድሜ ቤት ይግቡ ብንላቸው፣ ዳንግላ ከእኔ ጋር ይኑሩ ብንላቸው፣ እምቢ። የቀርከሃ አጥራቸውን፣ የድንች መደባቸውንና አራት በጎቻቸውን ጥለው የትም እንደማይሄዱ በአማርኛ ጀምረው በአዊኛ ይጨርሳሉ። አዊኛው ከመጣ ተናደዋል ማለት ነውና ዝም ማለት ነው።

እዚያ ብቻቸውን መኖር የቻሉት በውሻው ነበር። ዓይኑን ከገለጠ አንሥቶ ያሳደጉት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ውስጥ አድርገው ሲያፏጩ፣ ከወንዝ ማዶም ቢሆን እየበረረ ይመጣል። ለሰው የሚጮኸው ጩኸት ሌላ ነው፣ ለጅብ የሚጮኸው ሌላ። አባቴ ድምፁን ለይተው በር ይከፍታሉ፣ ወይም ዱላ ያነሣሉ። እኔም ዳንግላ ሆኜ ተኝቼ የማድረው እሱን ተማምኜ ነበር።

ወንድሜ እንጅባራ ሁለት ባጃጅ አለው። ሁለት ባጃጅ ያለው ሰው ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ መንደር ሲወርድ ጎረምሶች የአባትህ ውሻ ጆሮ እንደ ጎመን ቅጠል ወርዶ የለም ወይ ብለው ቀለዱበት። በቃ፣ የዘር ማንዘራችን ክብር ተነካ። ደወለልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የውሻውን ጆሮ ሊያስቆርጥ እንደሆነ፣ ቆራጩም ከአዘና የሚመጣ እጀ ቀና ሰው እንደሆነ፣ አባታችንም እንደተስማሙ ነገረኝ። እኔም የራሱን ጆሮ ቢያስቆርጥ እንደሚሻል፣ ሥራ ላይ ሲያውለው አይቼ እንደማላውቅ ነግሬው ስልኩን ዘጋሁበት። ደግሞም ደስ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ለሥራ ባልደረቦቼ እየደጋገምሁ ሳወራው ዋልሁ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ መሄድ ይገባኝ ነበር። አልሄድሁም። ስለሰደብሁት የከለከልሁት መስሎኝ ነበር።

የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። እጀ ቀና የተባለው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አረቄ ቀረበለት፤ ያለ አረቄ ካራ አያነሣማ። ውሻው ቡችላ አልነበረም፣ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ ወንድሜና ሁለት ጎረምሶች ተጭነው ያዙት። ሰውዬው አንዱን ጆሮ ከሥሩ አነሣው። ሌላውን ደግሞ ላመጣጥን ብሎ ከዚያም አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። ተዉ የሚል አንድ ሰው አልነበረም፤ ቆሞ የሚያደንቅ ግን ሞልቶ ነበር።

የተቆረጠውም አይጣልም። ፍም ላይ ይጠበስና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ለራሱ ለውሻው ይሰጣል። የራሱን ሥጋ የቀመሰ ውሻ ለሌላው አይራራም ይባላል። ያጎረሱት አባቴ ናቸው። ውሻው ደሙ ባንገቱ እየወረደ፣ ከእሳቸው እጅ የመጣ ነገር እምቢ ብሎ አያውቅምና፣ በላው።

የነሐሴን ዝናብ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ቁስሉ ሳይደርቅ ውኃ ገባበት፣ መገለ፣ ሸተተ። ለእኔ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ምላሴን ፈርተው ነው። ወንድሜ ግን መድኃኒት መች ያጣል! ከባጃጁ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት በውኃ ፕላስቲክ ይዞ ሄደና ሁለቱም ጆሮ ውስጥ ሞላለት። ትል ይገድላል ብሎ። ባጃጅ የሚያሽከረክር ዘይት ውሻ የማያድንበት ምን ምክንያት አለ? እኔ በቀን አሥር ሰዓት ቆሜ መድኃኒት የምሸጥ ሴት፣ አንድ ስልክ ቢደወልልኝ በማግስቱ የጆሮ ጠብታ ይዤ እደርስ ነበር። እውነትም ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ለመስቀል አባቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ቁስሉ ደርቋል። ውሻው ራሱን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጎ ይራመዳል። አባቴ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ ክሳቸውን ጀመሩ። ሲያፏጩለት አይመጣም። እግራቸው ሥር ተኝቶ ሳለ ሲጠሩት ቀና አይልም። ከሳምንት በፊት ጅብ አጥር ጥሶ አንዲቱን በግ ሲወስድ፣ እሱ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ነበር። በዱላ ቢመቱት፣ ደግመው ቢመቱት፣ አልታረመም።

"ሸመገልሁ፣ ልጄ" አሉኝ። "ዓይኔ ሲደክም ጊዜ ውሻዬም ናቀኝ።"

እናቴን ስንቀብር እንኳ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም። ነገሩን ከወንድሜ ጋር ጨርሰውት ኖሯል። እሑድ ወንድሜ መጥቶ ውሻውን በባጃጅ ይጭንና ሩቅ ጫካ ይጥለዋል። በጎቹ ይሸጣሉ። እሳቸውም ከእንግዲህ ብቻዬን መኖር አልችልም ብለው እንጅባራ ሊገቡ ነው። ያ ሁሉ የአዊኛ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም።

ውሻው ጓሮ ተኝቶ ሳለ በስተኋላው ቀረብሁና የብረት ድስት በጭልፋ መታሁ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። በጎቹ እርስ በርስ ተጋፉ። አባቴ ከውስጥ ምን ወደቀ ብለው ጮኹ። ውሻው ግን ዓይኑንም አልገለጠም። ጥላዬ ሲያርፍበት ብቻ ብድግ አለና ጅራቱን ቆላልኝ። በባትሪ የጆሮውን ውስጥ አየሁት። መግልና ዘይት ተጋግሮ የዘጋው ቀዳዳ ነው፤ የቻልሁትን አጠብሁ፣ ከዚያ በኋላም ድስቱን ደግሜ መታሁ። ምንም። የሚድን እንዳልሆነ በሙያዬ አወቅሁ። ለአባቴ ድስት ነው የወደቀው አልኋቸው። ያን ዕለት አልነገርኋቸውም፤ በማግስቱም አልነገርኋቸውም።

እሑድ ወንድሜ ገመድ ይዞ መጣ። ከቤት ጀርባ ወስጄ ያየሁትን ነገርሁት። መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ የአዘናው ሰው ጥፋት ነው አለ፤ ዘይቱን ሳነሣበት ደግሞ ውሻው ከዘሩም ደካማ ነበር አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ኋላ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ። አባታችን ደንቆሮ ውሻ ሲደበድቡ እንደከረሙ ካወቁ ይሰበራሉ፤ እንዳትነግሪያቸው አለኝ።

"ሌላ ቡችላ አመጣላቸዋለሁ" አለ። "እሱን በጥሩ ቆራጭ ነው የማስቆርጠው።"

በጥሩ ቆራጭ! ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ብናገር እስከ ዛሬም ባልጨረስሁ። ግን አባታችን ይሰበራሉ ያለውን እኔም ፈርቼ ነው ሁለት ቀን የደበቅኋቸው። ዝም ስለው እሺ ያልሁ መሰለውና ሄዶ ገመዱን ውሻው አንገት ላይ አሰረ። ውሻው ሊያንሸራሽሩት መስሎት ጅራቱን እየቆላ ተከተለው። አባቴ ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ጊዜ አልቻልሁም።

"አባዬ፣ አልናቀዎትም" አልኋቸው። "አይሰማም እኮ። ጆሮው ከተቆረጠ ጀምሮ ደንቁሯል።"

ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ መግሉን፣ ዘይቱን፣ ድስቱን። ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ ሁለት ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱና፣ ሳያፏጩ መለሷቸው። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ወንድሜ ገመዱን ሲለቅ ውሻው እጃቸውን አየና መጥቶ ራሱን ከሥሩ አስገባ። አባቴ የተቆረጠውን በጣታቸው ዳበሱት፤ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን።

"ለምን እንደምመታው አያውቅም ነበር ማለት ነው?" አሉኝ።

"አያውቅም ነበር" አልሁ።

"ታዲያ ለምን አልሸሸኝም?"

ወንድሜ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። እኔም መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።