የተቆረጠው ጥለት

ባፈና በዘጠኝ ዓመቱ ከማጅራት ገትር ተርፎ ሲነሣ እናቱ ያኮረፈችው መሰለው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ጎረቤት ሊጠይቀው መጣ፤ እሱም እንዲሁ። ልጁ አገሩ ምዕራብ ዓባያ በሙሉ የተቆጣው መስሎት፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ ሲብሰለሰል ከረመ። ጆሮው እንደሄደ የገባው ቆይቶ ነው።

አባቱ ሽመና አስተማረው፤ ድርና ማግ ጆሮ አይጠይቁም። አድጎ ወደ ከተማ ወጥቶ ሲቀላ ሰፈር ገባ፣ ልክነሽን አገባ፣ አቢጋኤልን ወለዱ። የምልክት ቋንቋ የተማረው በአርባ ዓመቱ፣ ከዚህችው ልጁ ጋር ነው። እንግዶች ሲስቁ ሕፃኗ ጨዋታዋን ትታ ትመጣና ለምን እንደሳቁ በትንንሽ እጆቿ ትነግረው ነበር።

ዘንድሮ አቢጋኤል ሐዋሳ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆነች። የእሑዱ አምልኮ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። እሷ የምትታየው ግን በምስሉ ታች፣ ጥግ ላይ ነው፤ ስልክ ላይ ጥፍር ታክላለች። ሽመና ያደከመው የባፈና ዐይን እጆቿን ማንበብ አቃተው።

ሊያማክረው ሱቁ ሲሄድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ሙደሲር ካርቶን ላይ ጻፈለት፦ «ጋሼ፣ ያን ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ጥለው ስስ አይገዙም?»

«ያረጀ የሚጣል ቢሆን ልክነሽ መጀመሪያ እኔን በጣለችኝ!» አለ ባፈና በዚያ ከፍ ባለ ድምፁ። ሱቁ ሳቀ። የዚህን ሳቅ ምክንያት እንኳ ያውቅ ነበር።

ስሱ ከአቅሙ በላይ መሆኑ ለሙደሲር ገባው። ከስልክ ኢንተርኔት እየተቀበለች ቪዲዮ የምታሳይ፣ ለአሮጌ ቴሌቪዥን የምትሆን፣ መዳፍ የምታክል ያገለገለች ቦክስ ፈልጎ ሸጠለት። እሑድ ጠዋትም ራሱ መጥቶ ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ ከኋላ ሰካ።

«ጥቁሩስ?» አለ ባፈና። «ያለ ጥቁር ክር የአገራችን ልብስ ዱንጉዛ አይሸመንም።»

ምስሉ መጣ። ሰባኪው ሙሉውን አለ፤ የአቢጋኤል ግን አንድ ትከሻዋ ብቻ። እጆቿ ከመስታወቱ ውጭ ቀርተዋል። ልክነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሙደሲር ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካ፤ ያው ነው።

ባፈና ተጠግቶ የመስታወቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

«ጥለቱ ነው የተቆረጠው» አለ። «ጨርቁ ከሽመና ዕቃው ሰፍቷል። አጥብበው፣ ልጄ።»

ሙደሲር ግንባሩን መታ። ቦክሷ የምስሉን ስፋት የምትቀንስበት ማስተካከያ ነበራት። ሪሞቱን ደጋግሞ ሲጫን ምስሉ ከአራቱም ጎን ተሰበሰበ፤ ዙሪያውንም ጥቁር ጠርዝ ወጣለት። ሙደሲር ጠርዙን እየጠቆመ ፈገግ አለ፦ ጥቁሩ ይኸውልዎ፣ እንደ ማለት።

ጥጉ ላይ አቢጋኤል ከነእጆቿ ቆማለች። ሰባኪው ቀልድ ተናገረ፤ እጆቿ ተንቀሳቀሱ። ባፈና ከጉባኤው ጋር እኩል ሳቀ።

ከዚያ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ለሙደሲር እንዲህ አለው፦

«ሰው ድምፅ ባይሰማ አይሞትም፤ ኖሬ አይቼዋለሁ። የሚከብደው፣ ሌላው ሲስቅ ለምን እንደሆነ የሚነግርህ ማጣት ነው። ልጄ ለእኔ ነገረችኝ፤ አሁን እኔን ለመሰሉ ሁሉ ትናገራለች። በዕድሜዬ ካየሁት ትልቁ ይኼ ነው።»