ታካማትሱ ላይ የሞተው ቆጣሪ አንባቢ

ኩዋባራ ቶሚዮ እዚህ ኡዋጂማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ፀጉሩን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ይህን ታሪክ ከአንድም አምስት ጊዜ ነግሮኛል። አንድም ጊዜ ስቆ አልነገረኝም።

ባለፈው መስከረም ኮቤ የምትኖረውን ልጁን ቺካን ሊጠይቅ ተነሳ። ሚስቱ ሳቺዬ ጉልበቷን ስላመማት ቀረች። ታካማትሱ ላይ ከባቡር ወርዶ መርከብ እስኪሳፈር አራት ሰዓት ተኩል ነበረው። ሰውዬው ለብቻው ከተማ ዞሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሳቺዬ ከፊት፣ እሱ ሻንጣ ተሸክሞ ከኋላ ነው።

"የቺካ አባት፣ ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፣ እሺ?" አለችው በስልክ።

"እሺ" አለና ወጣ።

እንደልቡ ሊዞር፣ ኡዶን ከሚሉት ወፍራም ፓስታ አንድ ሳህን ሊበላ፣ የድሮውን ግንብ ሊያይ ነበር ሐሳቡ። ግን ሃያ ስድስት ዓመት መሬት መሬት ሲያይ የኖረ አንገት በአንድ ቀን አይቃናም። ሰው ሱቅ ሲያይ እሱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቆጣሪ ክዳን ያያል። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ የተሰነጠቀ ክዳን አገኘና አላስችለው አለ። ተንበረከከ። አልታይ ሲለው በሆዱ ተኝቶ ውሃ ይፈስ እንደሆነ ለመስማት ጆሮውን ለጠፈ።

"በጣም ጥሩ! እንዳይነቃነቁ!"

ቢጫ ሄልሜት ያደረጉ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ወረቀት ይዘው እየሮጡ መጡ። የሰፈሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ኦጋታ ናቸው። ዕለቱ የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ልምምድ የሚደረግበት ነበር፤ ቁስለኛ እንዲሆን የተመደበው ሰው ደግሞ ቀርቷል።

"እኔ እንኳ መንገደኛ ነኝ" አላቸው።

"አዎ፣ ወረቀቱም 'መንገደኛ፣ ወንድ፣ ስድሳ አካባቢ' ነው የሚለው። የት ጋ ነው የሚያምዎት?"

ኩዋባራ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ሳቺዬ ትዝ አለችውና "ጉልበቴን" አለ። ፋሻው የተዘጋጀው ለራስ ስለነበር ራሱን ጠቀለሉት። ከዚያ አራት ጎረምሶች በቃሬዛ አነሱት።

"ያምናው ቁስለኛ ቀለል ይል ነበር" አለ አንዱ እያለከለከ።

ከተማዋን እንግዲህ በጀርባው ተኝቶ አያት፦ የመብራት ሽቦ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የእርግብ ሆድ። ቆንጆ ነበረች ይላል።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም ዶክተር ሚዞቡቺ አዩትና፣ ሌሎቹ ቁስለኞች ቀይና አረንጓዴ ካርድ ሲታሰርላቸው፣ እሱ እጅ ላይ ጥቁር አሰሩ።

"ጥቁር ምን ማለት ነው?"

"ሞተዋል ማለት ነው። ይቅርታ።"

"ያመመኝ ጉልበቴን ነው እኮ!"

"ሲመጡ አይተነፍሱም ነበር።"

"ልጆቹን ስለከበድኳቸው አፍሬ ነው ትንፋሼን የያዝኩት። ቀይ ሊያደርጉልኝ አይችሉም?"

"ቀይ ሞልቷል።"

ሸራ አለበሱት። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰውዬ ሸሚዙን በቲማቲም ድልህ አጨማልቆ በብስክሌት ከች አለ። የቀረው ቁስለኛ፣ ሚያታኬ የሚባለው ነው።

"ቦታዬ ላይ ማነው የተኛው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ማቃሰት ስለማመድ ከርሜ!"

"ሟች አያቃስትም" አሉ ዶክተሩ።

"ወረቀቱ አንድ ሟች ነው የሚለው" አሉ ወይዘሮ ኦጋታ ተጨንቀው። "ሁለት ካደረግን ማዘጋጃ ቤት ይጠይቀናል።"

ኩዋባራ ከሸራው ሥር እጁን አወጣ። "እኔ መነሳት እችላለሁ።"

"ሟች እጅ አያወጣም!" ብሎ ጮኸበት ሚያታኬ።

ሲከራከሩ ቆይተው ጥቁሩን ፈተው ለሚያታኬ አሰሩና ለኩዋባራ አረንጓዴ ሰጡት። አረንጓዴዎች ቀላል ቁስለኞች ስለሆኑ በእግራቸው ወደ ኮረብታው መውጣት አለባቸው። ኩዋባራ ግን ሰዓቱን አይቶ ወደ ወደቡ ዞረ።

"ወዴት ነው? ባሕሩ እየመጣ ነው!" አሉ ወይዘሮ ኦጋታ።

"እኔም ወደሱ ነኝ። መርከቤ ሊነሳ ነው።"

"ማዕበሉ እኮ አሥር ሜትር ነው!"

"ቲኬት ቆርጫለሁ።"

ወይዘሮዋ ወረቀታቸውን ገለጡ። ከዚያ ወገባቸውን ሰበር አድርገው እጅ ነሱትና ወረቀታቸው ላይ "አንድ ሰው ጠፍቷል" ብለው ጻፉ።

ሮጦ ደረሰ። ፋሻውን ለመፍታት ጊዜ አላገኘም። መርከቡ ላይ አንዲት አሮጊት ገና ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሱለት። እውነቱን ቢነግራቸው የሚያሳፍራቸው መሰለውና ተቀመጠ። መንደሪን ልጠው አጎረሱት፤ ስለ ቁስሉ ጠየቁት፤ እሱም እስከ ኮቤ ድረስ ቀስ እያለ፣ እየተጠነቀቀ ታመመ። ሲወርዱ አሮጊቷ ከዓይን እስኪሰወሩ አነከሰ።

ቺካ ወደቡ ላይ ስታየው ጮኸች። "አባዬ! ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም" አላት። "ሰዎቹ በጣም ጥሩዎች ናቸው።"