ምርጡ መምህር ኡድ መቃኘት አቃተው

ዛሬ «ምርጥ መምህር» ብለን የሸለምነው ሰውዬ መድረክ ላይ ኡድ፣ ያንን ክራር መሰል የዓረብ መሣሪያ፣ መቃኘት አቃተው። ወላሂ!

የሙዚቃ ትምህርት ቤታችን የድሮ ተማሪዎች፣ ጦርነቱ ከበተነን ወዲህ ካርቱም ላይ ስንሰባሰብ የመጀመሪያችን ነው። ሰውዬው ሽልማቱን እንደተቀበለ «እስቲ አንድ ዜማ» አልነው። መቃኛውን ቢያዞር ቢያዞር አልሆነለትም።

ከዚያ ኋላ የተቀመጡትን ሽማግሌውን የኡድ መምህራችንን በጣቱ ጠቅሶ «ያላ ኡስታዝ፣ ና ቃኝልኝ!» አላቸው።

እኔን የካርቱም ቡሪ ሰፈሯን ሐበሻ ጨምሮ ሁላችንንም ያስተማሩን እኮ እሳቸው ናቸው! እሱ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ክፍል የሚገባው ስም ለመጥራት ብቻ ነበር።

ኡስታዝ ቃኝተው በሁለት እጃቸው አቀበሉትና ሄደው ተቀመጡ። እኛ ደግሞ ለእሱ አጨበጨብን። ያስጠላል!

የባሰው የኔ ነው። የሽልማቱ ጥቆማ ፎርም በዋትሳፕ ሲዞር የማን ስም እንዳለበት ሳላይ ፈርሜያለሁ። ከኡስታዝ ሌላ ማን ይሆናል ብዬ!

ሲወጡ ተከትዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም ልጄ፣ እኔም ፈርሜለታለሁ» አሉኝ። «የኡድ ክፍሉን እዘጋዋለሁ ሲለኝ ምን ላድርግ?»

ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። እናንተስ፣ አጨብጭባችሁ እጃችሁን የተጸየፋችሁበት ቀን የለም? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።