ዘሚራ ያወጣችው ድልድል

መጀመሪያ ፎጣውን ታነጥፋለች፤ ብሎን ቢወድቅ እንዳይንከባለል። ማይክሮስኮፑን በጎኑ ታጋድምና በትንሿ ካቻቢቴ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ትፈታለች፤ በፈታችበት ተራ በጠርሙስ ክዳን ላይ ትደረድራቸዋለች። የደረቀውን ግሪስ በክብሪት እንጨት ትፍቃለች፤ ብረት አታስነካውም፣ የማዞሪያውን ጥርስ ይጎዳል። ጥጥ ላይ ሁለት ጠብታ አልኮል ታደርጋለች፤ ሦስት ከሆነ ወደ ውስጥ ይገባል። ሌንሱን ከመሀል ወደ ዳር እያዞረች ትጠርጋለች። የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ግሪስ ትቀባና መልሳ ትገጥመዋለች። በመጨረሻ ማዞሪያውን በአንድ ጣቷ ትሞክራለች። በአንድ ጣት ካልዞረ እንደገና ይፈታል።

ዘሚራ ሙሂዲን ቢቸና ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት፤ አሥር ዓመት ሠርታለች። የሞጣ ልጅ ናት፤ የጨርቅ ነጋዴው የሙሂዲን ልጅ። በቴክኒክና ሙያ የተማረች፣ እጇ የታመነ። ላብራቶሪው ስድስት ማይክሮስኮፕ አለው፤ ስድስቱም ይሠራሉ። የተማሪዎቹ የተግባር ሪፖርት ደግሞ በፋይል ተጠርዞ፣ ሱፐርቫይዘር በመጣ ቁጥር የሚወጣ መኩሪያዋ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሞጣ ላይ የትምህርት ቤቶች የተግባር ሳይንስ ውድድር ተዘጋጀ። ከእነዘሚራ ትምህርት ቤት የተመረጠችው የአሥረኛ ክፍሏ ወይንእሸት ነበረች፤ በባዮሎጂ ዘጠና ሰባት ያላት፣ ፋርማሲስት እሆናለሁ የምትል ልጅ። ከውድድሩ በኋላ ባለው ዓርብ አሥረኛ ክፍሎች ለከርሞ ናቹራል ወይስ ሶሻል እንደሚገቡ ቅጽ ሞልተው ያስረክባሉ። የወይንእሸትን ምርጫ የተጠራጠረ አልነበረም። የባዮሎጂ መምህሩ ደምለው ሲሸኛቸው፣ «ዘሚራ፣ ዋንጫ የምናስቀምጥበት መደርደሪያ የለንም እኮ፤ ስትመለሺ አናጢ ይዘሽ ነይ» ብሎ ቀለደ።

ሞጣ ላይ ዕጣ ወጣ። ለወይንእሸት የደረሳት የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ማሳየት ነው። ዘሚራ ከተመልካች ወንበር ላይ ሆና ፈገግ አለች። ይህንንማ ልጅቷ ስንት ጊዜ ሪፖርት ጽፋበታለች! የሣለችው የሽንኩርት ሴል ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የለም?

ወይንእሸት ሽንኩርቱን ከፈለች፤ ስስ ልጣጩን ሳትቀድ አወጣችው። መስታወቱ ላይ አነጠፈችው፤ አዮዲን ጠብ አደረገችበት። ከኋላ አንዱ፣ «ሽንኩርቱስ ተላጠ፤ ወጡ መቼ ነው የሚደርሰው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ከዚያ ማይክሮስኮፑ ፊት ቆመች። ቆመች ብቻ። ዓይኗን ስታስጠጋ ሌላኛውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፤ ማዞሪያውን ሁለት ጊዜ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞር ዞር አደረገችው፤ ሌንሱ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ቀጭ አለ። መስታወቱ ተሰበረ። ልጅቷ ሁለት እጇን ከጋውኗ ኪስ ከተተች፤ ዳኛው ሰዓቱ አለቀ እስኪል ድረስ አላወጣቻቸውም።

ዘሚራ ውጭ አጥሩ ሥር አገኘቻት።

«ምን ነካሽ፣ የኔ ልጅ? ፈርተሽ ነው?»

«አልፈራሁም፤ በየት በኩል እንደሚዞር አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ሥለሽው የለ?»

«የሣልኩትማ በቡድናችን መሣሪያ የሚይዘው ልጅ፣ የኔሰው፣ የነገረኝን ነው። እሱ ያይና ‹እንደ ጡብ የተደረደረ ነው› ይለኛል፤ እኔ እሥላለሁ።»

«ቀለሙንስ?»

«ቢጫ አድርጊው አለኝ።»

«አንድ ቀን እንኳ ዓይንሽን አስጠግተሽ አላየሽም?»

«እኔ መዝጋቢ ነኝ እኮ፣ ቲቸር። ጽፌ ስጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፤ ዕቃው ይሰበሰባል።»

«ማነው መዝጋቢ ያደረገሽ?»

ወይንእሸት ቀና ብላ አየቻት፤ ጥያቄው የምር መሆኑን ማመን አቅቷት። «እርስዎ ነዎታ!»

ዘሚራ ልጅቷን ይዛ አባቷ ሱቅ ጎራ አለች፤ ሻይ ታዘዘ፤ እሷ ግን አልጠጣችውም። አባቷ ሙሂዲን ነገሩን ሰምተው ወደ ስፌት መኪናቸው በአገጫቸው ጠቆሙ።

«አንቺስ በምን የሠለጠንሽ ይመስልሻል? ይቺን መኪና አሥር ጊዜ ፈታተሽብኛል። ሁለቴ ጭራሽ አልገጥም ብላሽ ደንበኛ አስቀይሜያለሁ። ሙሐመድያሲን ወንድምሽ ባትሪ ይዞ ያበራልሽ ነበር እንጂ፣ እሱ ፈትቶ አንቺ ጽፈሽ አልተማርሽም።»

«አባ፣ በቃ!» አለች። ሰውየው ግን የተናገሩት እውነት ነበር።

ወደ ቢቸና ሲመለሱ ሚኒባሱ ግንደ ወይንን አልፎ ደብረ ወርቅ ሊደርስ ሲል ወይንእሸት በመስኮት እያየች፣ «ቲቸር፣ እኔ ሶሻል ነው የምሞላው» አለች። «ዕቃ መያዝ የማልችል ሰው ፋርማሲ ገብቼ ሰው ልፈጅ ነው?»

በማግስቱ ማለዳ ዘሚራ የዘጠኝ ዓመቱን ፋይል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈች። ለተማሪዎቹ ሥራ የምታከፋፍልበት የቡድን ድልድል ቅጽ አራት ረድፍ አለው፤ መሣሪያ ያዥ፣ ሰዓት ተቆጣጣሪ፣ መዝጋቢ፣ ዕቃ አጣቢ። ከእሷ በፊት የነበረው ቴክኒሻን፣ ታዘበው፣ ላብራቶሪውን ሲያስረክባት «ሴቶቹን ለጽሑፍ አድርጊያቸው፤ እጃቸው ያምራል፣ ፋይልሽ ይጸዳል» ብሏት ነበር። እሷም አደረገች። በየዓመቱ ስም እየቀየረች፣ ረድፉን ሳትቀይር።

በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «መሣሪያ ያዥ» ሥር የተጻፉት ሴቶች አሥራ አንድ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ወንዱ ሲቀር የተተኩ። ጽሑፉ በሙሉ የራሷ ነው፤ በሌላ የምታመካኝበት አንድ መስመር እንኳ አላገኘችም። ሰው ሁሉ «ሴት ሆና ማይክሮስኮፕ ትጠግናለች» እያለ ሲያደንቃት፣ እሷ በዚያው እጇ ሴቶቹን ከማይክሮስኮፑ ስታርቅ ኖራለች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ደምለው ሲገባ ፋይሉን ገፋችለት። አነበበ፤ ገለበጠ፤ እንደገና አነበበ። «እኔም እኮ በየዓመቱ ፈርሜበታለሁ» አለ ድምፁ ወርዶ። ቀጥሎም፣ «አሁን ብትገለብጪው ዕቃ አይሰባበርም?»

«ይሰበር። ሲሰበር የምጠግነው እኔ አይደለሁም?»

ረቡዕ አዲስ ድልድል ለጠፈች። የኔሰው መዝጋቢ፣ ወይንእሸት መሣሪያ ያዥ ሆኑ። «ቲቸር፣ የኔን ጽሑፍ ሱፐርቫይዘር ቢያየው ምን ይላል?» አለ። ወይንእሸት ቀድማ፣ «ሐኪም የጻፈው ይመስለዋል» አለችው፤ ከሞጣ ወዲህ የቀለደችው ያን ቀን ነው።

ወይንእሸት ሦስት መስታወት ሰበረች። ዘሚራ ከጎኗ ቆማ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ያዘች፤ እንዳትነጥቃት ስለፈራች። አራተኛው ላይ ወይንእሸት ጮኸች።

«የኔሰው! ዋሽተኸኛል! ጡብ አይደለም እኮ፤ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው! ውስጡ ደግሞ ነጥብ አለው፤ ነጥቡን መች ነገርከኝ?»

«አላየሁትማ» አለ የኔሰው፤ ተራ ይዞ ሊያይ ጎንበስ አለ።

ዓርብ ወይንእሸት ቅጿን አስረከበች፤ ናቹራል። ዘሚራ ግን እፎይ አላለችም። ከቅጾቹ መካከል የዚያው ክፍል ልጅ የብሩክታይት ቅጽ ነበር፤ ሰኞ ተሞልቶ የገባ፣ ሶሻል። ጠርታ ጠየቀቻት። «ኬሚስትሪ እወድ ነበር፤ ግን ዕቃ ሲታጠብ እንጂ ሲሠራበት አላየሁም» አለች ልጅቷ፤ ቅሬታ እንኳ በድምፅዋ የለም። ሬጅስትራር የገባ ቅጽ አይመለስም ብሎ ነበር፤ ዘሚራ ሁለት ቀን ተመላልሳ ለመነች፤ አልሆነም። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ያለፉትንማ ማን ያገኛቸዋል? አንዳንዶቹን ገበያ ላይ ታያቸዋለች፤ «ቲቸር!» ብለው ሲስሟት ዓይናቸውን ማየት ያቅታታል።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ይተባበራት ዘንድ ትለምናለች። «ሴት ልጅ ካለችዎ» ትላለች ዘሚራ፣ «ውጤቷን ብቻ አይጠይቋት፤ ውጤት እኔንም አታሎኛል። ‹ላብራቶሪ ስትገቡ ዕቃውን ማን ያዘ?› ይበሏት። ‹እኔ እጽፋለሁ› ካለችዎ፣ ቅጽ ሳይሞላ ትምህርት ቤት ይሂዱና ድልድሉን ያወጣውን ሰው ያነጋግሩ። ቢቸና ከሆነም እኔኑ ያነጋግሩኝ፤ አልቀየምም።»