የልጄ ሰላምታ

እኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ሁሉንም በየተራ ሳይጨብጥና ሳይስም የተቀመጠ ሰው ስሙ አንድ ነው፤ አሳዳጊ የበደለው። ልጄ ሰው ሲነካት ትጮኻለች፤ አለዚያም ትሮጣለች። ኦቲዝም እንዳለባት ያወቅነው ዘግይተን ነው። እስከዚያው አሳዳጊዋ እኔ ነኝና ስድቡን የምውጠው እኔው ነበርሁ። መጀመሪያ ከለቅሶውም ከሠርጉም ቀረሁ፤ በኋላ እሷን ቤት ዘግቼባት መሄድ ጀመርሁ። እኔ ስሞት ማን ይከፍትላታል የሚለው ሐሳብ ዕረፍት ነሥቶኝ ኖሯል።

አምና ስለ ኦቲዝም ብለው ከዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች መጡ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ከዚያ በፊትም የመጡ ነበሩ፤ ወረቀታቸውን ሞልተው በዚያው ቀሩ። እነዚህ ግን "የጥናቱን ጥያቄ አብረን እናውጣ፤ ልጅሽም ትምጣ" አሉኝ።

"እሷ ደግሞ ምን ልትል?" አልኋቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ስብሰባው ጣና ዳር ባለ አዳራሽ ነበር። ገና አረፍ ከማለታችን፣ ለልጅ ልጃቸው ብለው የመጡ አንድ መሪጌታ ተነሥተው እየዞሩ ሁሉንም መጨበጥ ያዙ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ልጄ ወንበሩን ገልብጣ በሩ ላይ ደረሰች። በቃ፣ ተዋረድሁ አልሁ። ነጠላዬን ሰብስቤ ስነሣ ከአጥኚዎቹ አንዷ ቀደመችኝ። አልተጠጋቻትም፤ ራቅ ብላ ቆማ "እንዴት ብናደርግ ይሻልሻል?" አለቻት።

እንደ ልማዴ ልመልስላት አፌን ስከፍት አጥኚዋ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ።

"አትንኩኝ። እንዲህ አድርጉ" አለች ልጄ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

መሪጌታው ሣቁ። "ይኸማ የአባቶቻችን ሰላምታ አይደለም እንዴ! ለዚህ ነው ስናሯሩጥሽ የኖርነው?" ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሷት። ቤቱ ሁሉ ተከተላቸው። አጥኚዋ "ሰላም ስንልዎ እንዴት ይሻልዎታል?" የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጋ ጻፈችው።

ልጄ ተመልሳ ወንበሯን አቃንታ ተቀመጠች። እፎይ አልሁ። ከእኔ ሌላ ሰውም ሊያኖራት እንደሚችል ያን ዕለት በዓይኔ አየሁ። ደስታው ቢበዛብኝ ላቅፋት ተንደረደርሁ።

"እማዬ፣ አንቺም" አለችኝ።

እጄን መልሼ ደረቴ ላይ አደረግሁ። እሷም ጎንበስ አለችልኝ። በሃያ ዓመታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ተባባልን።