ፊቱ ላይ የደፋው ውሃ

ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ በረሃ ውስጥ የሚዋጋ ተዋናይ የኮዳውን ውሃ ፊቱ ላይ ሲደፋው ሻዩ አስጠላኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ቀበሌ አዳራሽ በግዴታ ባየነው የጦርነት ፊልም ውስጥም አንድ ወታደር እንዲሁ አድርጎ ነበር። ኦጋዴን ዘምተው እግራቸው የተቆረጠው ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፣ «ውሸታሞች» አሉ ጮክ ብለው። «እኛ የመኪና ራዲያተር ውሃ ነው የጠጣነው። ውሃ የሚደፋ ብናገኝ እኛው እንገድለው ነበር።»

የቀበሌው ሊቀመንበር መብራት አስበራ። «ፊልሙ እውነት ነው የምትሉ አጨብጭቡ» አለ።

አጨበጨብን። ጋሽ ደምሴ ክራንቻቸውን ሲያነሱ ያረጀ ጎማና ላብ ሸተተኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አልፈርድብሽም» አሉኝ። «አባትሽ ግን ያን ውሃ አብሮኝ ጠጥቷል።»

አባቴ አጠገቤ ያጨበጭብ ነበር።

ካፌው ውስጥ አንዱ ጎረምሳ «ይሄ ነው እውነተኛ ፊልም» ይላል። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አባቴም እስኪሞት ስለዚያ ውሃ አንድ ቃል አልተነፈሰም።