መቀመጫዬ የነበረው ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ ነገሌ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት የምሄደው ድንጋይ ተሸክሜ ነበር። የከተማው ትምህርት ቤት ወንበር ስላልነበረው መቀመጫችንን ከወንዝ ለቅመን እናመጣለን፤ ትተነው ካደርን ስለሚሰረቅ ማታ ይዘነው እንገባለን። የእኔ ቀይ ነበር፣ ጀርባው ልሙጥ። ከሽቦ አጥሩ ማዶ ያለው፣ የጦር ሰፈሩ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ እሱም የመንግሥት ነው፤ ግን ዴስክ አለው፣ የመስታወት መስኮት አለው፣ ለየልጁ መጽሐፍ አለው። እኛ አንዱን መጽሐፍ ስንሻማ ግማሹ ተቀዶ አልቋል።

ያኔ ሲመሽ በጎረቤታችን በአባባ ቦሩ እሳት ዳር እንሰበሰብ ነበር። በጉልምስናቸው ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ከብት ያጠጡ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ከተረታቸው ሁሉ የምንወደው የሁለቱን መንጋዎች ነው፤ አንዱ መንጋ እየጠጣ ሌላው ከእሾህ አጥር ውጭ ሲጠማ ይከርማል፤ በመጨረሻ የተጠሙት አጥሩን ጥሰው ይገባሉ፤ ቀንድ ሆድ ይዘረግፋል፤ ገንዳው ደም ይሞላል። እዚህ ላይ አባባ ቦሩ ፍሙን በእንጨት ሲመቱት፣ ብልጭታው ሲበተን፣ እኛ በደስታ እንጮህ ነበር።

አንድ ቀን የጦር ሰፈሩ ልጆች በሽቦው በኩል፣

«እናንተ ባለ ድንጋዮች! ምሳችሁን ነው የተሸከማችሁት?» ብለው ሳቁብን።

ታላቅ ወንድሜ ተፈራ መቀመጫውን አንስቶ ወረወረ። ከዚያ ሁሉም ወረወረ። መስታወቱ ረገፈ፤ አንድ ልጅ ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። ተፈራ የእኔንም ከእጄ ነጥቆ ላከው። ወዲያው ተመልሶ መጣ። በቀይነቱ ለይቼዋለሁ። የወንድሜን ግራ ዓይን አፈሰሰው።

ቁስሉ ጥቂት ሲረጋ ተፈራ እሳት ዳር መጣ፤ ጋቢው ውስጥ ቢላዋ ይዟል።

«አካም፣ ተፈራ? ናጋ?» አሉት አባባ ቦሩ፣ ሰላም መሆኑን በኦሮምኛ ሲጠይቁት።

«ምን ናጋ አለ፣ አባባ! የወረወረውን አውቄዋለሁ፤ ነገ እወጋዋለሁ።»

ቢላዋውን አልቀሙትም። ፍሙንም አልመቱትም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ተረቱን ስትሰማ፣ እሾሁን ማን አጠረው ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ተፈራ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ያጠረው ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር፣ ልጄ። አንድም ቀንድ አልነካውም። የተጠሙት የወጉት የጠጡትን ነው።»

ወንድሜ በቀረችው ዓይኑ አለቀሰ። ቢላዋውን አመዱ ላይ ትቶት ገባ።

በማግስቱ ድንጋዬን ከሽቦው ሥር አገኘሁት። ደሙን በአሸዋ ፈትጌ አጠብኩትና ተቀመጥኩበት። ሌላ አልነበረኝም።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲያማርሩ፣ «እሾሁን ማን አጠረው?» ብሎ የሚጠይቃቸው አጎታቸው ተፈራ ነው። እኔ ጸሎቴን ሳደርስ ጥርሱን ለተፋው ልጅ እለምናለሁ፤ ድንጋዩን ለመለሰውም እለምናለሁ። ጥላ ሥር ለተኛው ግን ምን ብዬ እንደምለምን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።